ሥራ ሳይለቁ የኤሌክትሪክ ሙያ መልመድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። የ26 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ዱከም ነው። በአንድ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ውስጥ በሦስት ፈረቃ እሠራለሁ። በማታው መርሐ ግብር በሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የደረጃ 2 ሥልጠና ጨርሻለሁ፤ ነገር ግን የትብብር ሥልጠናው (በድርጅት ውስጥ የሚደረገው የተግባር ልምምድ) ሰዓት ከፈረቃዬ ጋር እየተጋጨ ስላስቸገረኝ፣ ከወርክሾፕ ውጪ በእጄ የሠራሁት ሥራ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ወላጆቼን የምረዳው እኔ ስለሆንኩ ደመወዜን ትቼ ያለ ክፍያ ረዳት ሆኜ መዋል አልችልም። በሠፈራችን ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን፣ በዕረፍት ቀኔ አብሬያቸው እንድሠራ ፈቅደውልኛል። ሆኖም በሄድኩ ቁጥር የሚሰጠኝ ሥራ ብሎኬት መቦርቦርና ቱቦ መቅበር ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እየሠራሁ በእርግጥ ባለሙያ መሆን እችላለሁን? ወይስ የዕረፍት ቀኔን በከንቱ እያባከንኩ ነው? (ስሜ ይቆየኝ፣ ከዱከም)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙያውን መልመድ ይቻላል፤ ነገር ግን አሁን በያዙት መንገድ ከቀጠሉ ብዙ ዓመት ሊፈጅብዎት ይችላል። ምክንያቱ የቀኑ ማነስ ብቻ አይደለም። ከቀኑ ማነስ ይልቅ የሚጎዳዎት በዚያች ቀን የሚያዩት የሥራ ዓይነት ነው።

በአንድ ፎቅ ግንባታ ላይ የኤሌክትሪክ ሥራው በየደረጃው ተከፋፍሎ ለወራት ይዘልቃል። መጀመሪያ የሶሌታው (የፎቁ ወለል) ብረት ሲታሰርና ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ቱቦው ይዘረጋል፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ይቦረቦራል፤ ስካቶላው (ሶኬትና ማብሪያ የሚገጠምበት ሳጥን) ይቀበራል፤ ልስኑ ካለቀ በኋላ ገመዱ ይሳባል፤ በመጨረሻም ሶኬቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና ፓኔሉ (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጡት ብሬከሮች የሚቀመጡበት ሳጥን) ተገጥመው ፍተሻ ይደረጋል። በየቀኑ ሳይት ላይ የሚውል ረዳት ይህን ሁሉ ተራ በተራ ያያል። በሳምንት አንድ ቀን ብቅ የሚል ሰው ግን ሳይቱ በቁፋሮ ላይ እስካለ ድረስ ለወራት ሲቦረቡር ይከርማል። ከዚህም በላይ አለቃው ትናንት የተጀመረውንና ነገ የሚቀጥለውን ሥራ ለእርስዎ ለማስያዝ አይደፍሩም፤ ምክንያቱም ነገ አይገኙም። መቦርቦር ግን ማንም ከቆመበት ሊቀጥለው የሚችል ሥራ ነው። ጋሼ የሚያሠሩዎት ሥራ ከክፋት የመጣ ላይሆን ይችላል፤ የሥራው ጠባይ ራሱ ወደዚያ ይገፋልና።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሊለውጡት የሚገባው የሥራውን መጠን ነው። ጋሼን በአክብሮት ያነጋግሯቸውና በዕረፍት ቀንዎ ወደ ትልልቁ ሳይት ከመሄድ ይልቅ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ተጀምሮ ወደሚያልቅ ሥራ እንዲወስዱዎት ይጠይቋቸው። እንዲህ ዓይነት ሥራ በከተሞቻችን ሞልቷል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለባለ ዕድለኞች የሚተላለፉት አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ሥራቸው ሳያልቅ ስለሆነ፣ ባለቤቶቹ ተጨማሪ ሶኬት ያስገጥማሉ፣ መስመር ያስቀይራሉ። አዲስ ሱቅ የሚከፍት ነጋዴ፣ ክፍል ቀጥሎ የሚያከራይ የቤት ባለቤት፣ መብራቱ አልበራ ያለው ቤተሰብ፣ ሁሉም ባለሙያ የሚፈልጉት ሥራ በማይገቡበት በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ተቀጣሪ ሆኖ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም ብዬ አምናለሁ፤ ጠዋት ችግሩን ሰምቶ፣ ቀን ሠርቶ፣ ማታ ፈትሾ ለባለቤቱ ማስረከብን በአንድ ቀን ያያልና።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር ላሳይዎት። የእንጀራ ምጣድ መስመር መዘርጋት ለብዙዎች ተራ ሥራ ይመስላል። እርስዎ ግን ምጣዱን ገልበጥ አድርገው በጀርባው ያለውን ጽሑፍ በማንበብ ይጀምሩ። 3,500 ዋት የሚል ከሆነ በ220 ቮልት ላይ ወደ 16 አምፔር እንደሚስብ በማካፈል ብቻ ያገኙታል። ቤቱ ውስጥ ያለው የሶኬት መስመር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ተዘርግቶ በ16 አምፔር ብሬከር የሚጠበቅ ከሆነና በዚያው መስመር ላይ ማቀዝቀዣም ካለ፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ብሬከሩ መውደቁ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው፣ ብሬከሩን አውጥቶ በ25 ወይም በ32 አምፔር መተካት ነው። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወድቅም፤ ግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ግን ከአቅሙ በላይ እየጋለ ሽፋኑ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ብሬከሩ የተቀመጠው ገመዱን እንዲጠብቅ መሆኑን በዚህ ሥራ ላይ ያየ ተማሪ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ትክክለኛው መፍትሔ ከፓኔሉ የሚነሳ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን መስመር ነው፤ ለምሳሌ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ በ20 አምፔር ብሬከርና በራሱ ማጥፊያ፣ ከመሬት መስመሩ ጋር። ገመዱ ከተሳበ በኋላ ምጣዱ ሳይገናኝ የሽፋኑ ጥንካሬ በ500 ቮልት መለኪያ ይፈተሻል፤ ንባቡ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መሆን አለበት፤ አዲስ መስመር ደግሞ ከዚህ እጅግ የበለጠ ሊያሳይ ይገባል። ኃይል ከተለቀቀና ጥቂት እንጀራ ከተጋገረ በኋላም የማጥፊያው ሽፋን መጋል አለመጋሉን በእጅ ማየት አይዘንጋ፤ የላላ ብሎን ራሱን የሚያጋልጠው በሙቀት ነው። ይህን አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው የተከታተለ ሰው ጭነት ማስላትን፣ ገመድ መምረጥን፣ መከላከያ መምረጥንና ፍተሻን በአንድ ቀን ነክቷል።

ሁለተኛው ጉዳይ መዝገብ ነው። በየሥራ ቦታው ደብተር ይያዙ። ቀኑን፣ የሥራውን ዓይነት፣ የገመዱን ውፍረት፣ የብሬከሩን መጠን፣ የፍተሻውን ንባብ፣ ከሥራው የትኛውን ራስዎ እንደሠሩና የትኛውን ቆመው እንዳዩ ለይተው ይጻፉ። ከገጹ ግርጌ ጋሼ እንዲፈርሙልዎት ያድርጉ፤ የሚቻል ከሆነም ባለቤቱ ፈቅዶ ግድግዳው ሳይለሰን ቱቦውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በየቀኑ የሚሠራ ሰው ልምዱን አሠሪው በደብዳቤ ይመሰክርለታል፤ እርስዎ ግን ይህ ደብተር ካልመሰከረልዎ ሌላ ምስክር የለዎትም። ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ገልጠው ሲያዩት «ፓኔል» የሚለው ቃል አንድም ቦታ ካልተጻፈ፣ ጋሼን ምን መጠየቅ እንዳለብዎት ያውቃሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ብዙ ወጣቶች ችላ የሚሉት ስለሆነ ጠንከር አድርጌ ልናገር። በሌሊት ፈረቃ አድረው በማግሥቱ ጠዋት ወደ ኤሌክትሪክ ሥራ አይሂዱ። ያልተኛ ሰው መሰላል ላይ ሆኖ የትኛውን ብሬከር እንዳጠፋ ያምታታበታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛውም በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕረፍትዎን ለትምህርት ማዋል የራስዎ ምርጫ ነው፤ ቢሆንም የሌሊት ፈረቃ በሚወድቅብዎት ሳምንት ይተዉት፤ ጋሼም ይህንን አስቀድመው ቢያውቁ ቅር አይላቸውም።

ሥራ ከመነካቱ በፊት የሚደረገውንም እንደ ጸሎት ይያዙት። ብሬከሩን ማጥፋት፤ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው መቆለፍ ወይም ቁልፉን በኪስ መያዝ፤ ቴስተሩን ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ሞክሮ መሥራቱን ማረጋገጥ፤ ከዚያ የሚሠራበትን መስመር መፈተሽ፤ በመጨረሻም ቴስተሩን ደግሞ በዚያው በሚታወቀው ቦታ መሞከር። ይህ የመጨረሻው ሙከራ የሚያስፈልገው ቴስተሩ በመካከል ተበላሽቶ «ኃይል የለም» ብሎ እንዳያታልል ነው። በእኛ አገር ደግሞ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ። መብራት ሲጠፋ «ጥሩ አጋጣሚ ነው» ብሎ ብሬከሩን ሳያጠፋ ወደ ሥራ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ግን ሠራተኛው አያውቅም፤ ጎረቤት ያለው ጄኔሬተር በተሳሳተ መንገድ ከተገናኘም መስመሩ ውስጥ ኃይል ሊኖር ይችላል። መብራት መጥፋቱን ፈጽሞ እንደ ማጥፊያ አይቁጠሩት። ጋሼ ራሳቸው ይህን ሥርዓት የሚዘሉ ሰው ከሆኑ፣ ምንም ያህል አንጋፋ ቢሆኑ ከሌላ ሰው ሥር ቢለምዱ ይሻልዎታል፤ መጥፎ ልማድ ከመልካም ሙያ ጋር ተለውሶ ሲገባ በኋላ ለማውጣት ያስቸግራል።

ወረቀትን በተመለከተ፣ ፋብሪካው ከሚደርስብዎት አደጋ የሚጠብቅዎት በእሱ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። በዕረፍት ቀንዎ ከጋሼ ጋር ሲሠሩ ከመሰላል ቢወድቁ፣ የፋብሪካው የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ አይከተልዎትም። ስለዚህ ቢያንስ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የምትገናኙባቸውን ቀናት፣ የሚማሩትን ሙያ፣ የምሳና የትራንስፖርት ወጪዎን ማን እንደሚችል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም ጽፋችሁ ተፈራረሙ። አዋጁም ቢሆን የሙያ ልምምድ ውል በጽሑፍ ሆኖ የሥልጠናውን ዓይነት፣ የሚቆይበትን ጊዜና ክፍያውን እንዲገልጽ ይፈልጋል። ከአንጋፋ ሰው ጋር ወረቀት መፈራረም አለመተማመን ይመስላል ብለው እንዳያፍሩ፤ ወረቀቱ ጋሼንም ከክርክር ያድናቸዋል። ከዚህ በፊት ግን ከፋብሪካው ጋር ያለዎትን የሥራ ውል አውጥተው ያንብቡ፤ ለሌላ መሥራትን የሚመለከት አንቀጽ ካለበት ለሰው ኃይል ክፍል አስቀድመው ማሳወቅ ይገባዎታል።

ስለ ፋብሪካው ካነሣን ዘንዳ፣ ከደጃፍዎ ያለውን ዕድል ያዩት አልመሰለኝም። ማሸጊያ ክፍልዎ ውስጥ የሚዞረው ማሽን በሞተር ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሣው በፓኔል ውስጥ ያለው ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው፤ ይህን የሚጠግን የጥገና ክፍልም አለ። ለክፍል ኃላፊዎ በጽሑፍ ማመልከቻ ያስገቡ። የምስክር ወረቀትዎን ቅጂ አያይዘው፣ ማሽኖቹ ለጥገና በሚቆሙበት ቀን ከጥገና ክፍሉ ጋር በረዳትነት እንዲመደቡ ይጠይቁ። ሊከለክሉዎት ይችላሉ፤ ካልጠየቁ ግን መከልከልዎ የተረጋገጠ ነው። የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ከቤት ዝርጋታ ይለያል፤ ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ነው፤ ሥዕል ማንበብና ብልሽት መፈለግ ይበዛዋል። ደግሞም ብልሽት መፈለግ ገመድ በመሳብ ብቻ የማይገኝ ችሎታ ነው። ከተሳካልዎት በደመወዝዎ ላይ እያሉ ይማራሉ፤ ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣም የሚያውቁዎት ሰዎች እዚያው አሉ። ነገር ግን ሳይፈቀድልዎ የፓኔል በር እንዳይከፍቱ።

የዓመት ፈቃድዎንም በብልሃት ይጠቀሙበት። በአዋጁ መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይገባዎታል። ከዚህ ውስጥ ግማሹን እንኳ በአንድነት ወስደው ጋሼ የአንድ ቤት ገመድ ከመሳብ እስከ ማስረከብ በሚደርሱበት ሳምንት ላይ ቢያውሉት፣ በተበታተኑ ቅዳሜዎች የማይገኘውን ተከታታይነት ያገኛሉ። ቀሪውን ለዕረፍትና ለቤተሰብዎ ያቆዩት።

አንድ ፈተና በቅርቡ እንደሚገጥምዎት ልንገርዎ። ጎረቤቶችዎ እርስዎን ከጋሼ ጋር ሲያዩ «ለምን አንተ አትሠራልንም? ርካሽ ታደርግልን የለም እንዴ?» ማለት ይጀምራሉ። አምፖል ከመቀየር ያለፈ ሥራ ብቻዎን አይያዙ። በተለይ ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመርና የቆጣሪውን ማኅተም ማንም ቢለምንዎት አይንኩ፤ ያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው፤ ኃይሉም በቤቱ ብሬከር አይጠፋም። ደብተርዎ በፓኔል ሥራ፣ በፍተሻና በብልሽት ፍለጋ ሲሞላ፣ የሚቀጥለውን ደረጃ ሥልጠና ወይም ምዘና ለመውሰድ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ በሽያጭ የምሠራ ሴት ነኝ። የገመድ ዓይነቱን፣ የብሬከሩን መጠን፣ የየአገሩን ዕቃ ልዩነት አውቃለሁ። ሙያውን መማር ብፈልግም ያነጋገርኳቸው ባለሙያዎች «ለሴት ይከብዳል» እያሉ ይመልሱኛል። የሱቅ ልምዴ ይቆጠርልኛል? ከማንስ ልጀምር?

መልስ፦ የሱቅ ልምድዎ እንደ ዝርጋታ ልምድ አይመዘገብም፤ ነገር ግን ሌሎች ጀማሪዎች በብዙ ወራት የሚደርሱበትን የዕቃ ዕውቀት አስቀድመው ይዘዋል። እርስዎ ያላስተዋሉት አንድ ብልጫም አለዎት፤ የከተማው ኤሌክትሪሺያኖች በየቀኑ ወደ እርስዎ ይመጣሉ። ማን የመሬት መስመር ገመድ እንደሚገዛና ማን እንደሚተወው፣ ማን ሲገዛ ውፍረቱን አስልቶ እንደሚመጣና ማን «ያንን ርካሹን ስጪኝ» እንደሚል ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አስተማሪዎን ከመጀመሪያዎቹ መካከል ይምረጡ።

«ይከብዳል» ለሚለው፣ ከባዱ መቦርቦርና ጥቅል ገመድ መሸከም ነው፤ እሱም ቢሆን በሁለት ሰው የሚሠራ ነው። ሙያው ራሱ ያለው በማስላት፣ በማገናኘትና በመፈተሽ ላይ ነው። የሙያ ኮሌጆቻችን ሴቶችን በዚህ ዘርፍ ያሠለጥናሉ፤ ተመርቀውም ይሠራሉ። በሳይት ለመጀመር በሩ ከተዘጋብዎ ፓኔል ከሚገጣጥሙ ወርክሾፖች ይጀምሩ። እዚያ ሥራው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሰዓቱም የተወሰነ ስለሆነ ከሱቅዎ በኋላ በሳምንት ሁለት ምሽት መግባት ይቻላል፤ ገመድ አስተካክሎ መቁረጥን፣ ጫፉን መላጥን፣ ብሎን በልኩ ማጥበቅን፣ መስመሮችን በቁጥር መለየትን በሥርዓት ይለምዳሉ። ይህ እጅ ያለው ሰው ሳይት ላይ ሲቀርብ «ይከብዳል» የሚለው ክርክር በሥራው ይመለሳል። ከማያውቁት ሰው ጋር ብቻዎን ባዶ ሕንፃ ውስጥ የሚያውልዎትን ሥራ ግን አይቀበሉ፤ መጀመሪያ ላይ ሌሎች ሠራተኞች ባሉበት ቦታ መሆኑን ጠይቀው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ኮሌጅ ገብቼ አልተማርኩም፤ ሌላ ሥራ እየሠራሁ በትርፍ ሰዓቴ ከአጎቴ ጋር ለዓመታት ዝርጋታ ሠርቻለሁ። የሲ.ኦ.ሲ. (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና መውሰድ እችላለሁ? ካለፍኩስ በራሴ ስም ሥራ መያዝ እችላለሁ?

መልስ፦ የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት የሚመዝነው ብቃቱን እንጂ የተማሩበትን ግቢ ስላልሆነ፣ በሥራ ላይ የለመደ ሰው የሚመዘንበት መንገድ አለ። በከተማዎ ወዳለው የሙያ ብቃት ምዘና ማዕከል ሄደው ለሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የተዘጋጀውን የሙያ ደረጃ ይጠይቁና እያንዳንዱን ነጥብ ከሠሩት ሥራ ጋር ያመሳክሩ። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። በሥራ ላይ ብቻ የለመዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በተግባሩ ጎበዝ ሆነው በጽሑፉ ላይ ይሰናከላሉ፤ ስለዚህ የኃይል፣ የቮልትና የአምፔር ስሌቶችን፣ የሥዕል ምልክቶችንና የደኅንነት ሕጎችን አስቀድመው ያጥኑ። ለሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የወጣውን የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 10፣ በተለምዶ ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 10 የሚባለውን ቢያነቡት፣ አጎትዎ «እንዲህ ነው የሚደረገው» ብለው ያሳዩዎት ብዙ ነገር ለምን እንደሆነ ይገለጥልዎታል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ፣ የሲ.ኦ.ሲ. የምስክር ወረቀት ሙያውን መቻልዎን ያሳያል፤ በራስ ስም ውል ገብቶ የዝርጋታ ሥራ መያዝ ግን ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችንና ተቋራጮችን የብቃት ማረጋገጫ የሚመለከተው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፤ የንግድ ፈቃድም ያስፈልጋል። የሲ.ኦ.ሲ. ወረቀቱን እንዳገኙ በቀጥታ ወደ ባለሥልጣኑ ሄደው ለእርስዎ ደረጃ የሚጠየቁትን ሰነዶች ዝርዝር ይውሰዱ፤ እስከዚያው ግን ሥራውን በአጎትዎ ፈቃድና ኃላፊነት ሥር ይቀጥሉ።